ባሕር ዛፉ ሥር ለቆሙት

ዳኘው ትራንስፎርመሩን ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ ሲያወጣ ወገቡን ያዘና «እመ ብርሃን!» አለ። ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው የተፈታታው ሬዲዮና የሻይ ብርጭቆው አብረው ተንቀጠቀጡ።

«ይኸው። ይኼን ተሸክመሽ ማንኩሳ ትደርሻለሽ?»

«እደርሳለሁ» አለች ያምሮት።

ያምሮት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። የሚኒ ሚዲያ ክበቡም ተጠሪ እሷው ናት። የትምህርት ቤቱ አምፕሊፋየር አምና የወላጆች ቀን ላይ ሲያፏጭ ውሎ በማግስቱ ጭስ አወጣና አረፈው። አዲስ መግዣ የለም። ከወር በፊት በመምህራን ስብሰባ ላይ ነገሩ ሲነሣ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ «እኔ እሠራዋለሁ!» ብላ ብድግ አለች። ርእሰ መምህሩ ሳቁ። እስከ ቡሬ ድረስ ያመጣት እንግዲህ ያ ሳቅ ነው። ስለ ድምፅና ስለ ኤሌክትሪክ ጥቁር ሰሌዳ ሞልታ ትጽፋለች እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መበየጃ በእጇ ይዛ አታውቅም። የዘንድሮው የወላጆች ቀን የሚከበርበት ሰኔ ሠላሳ ሊደርስ ደግሞ የቀረው ዐሥር ቀን ነው።

ዳኘው ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የፊዚክስ ፈተና ከእሷ እየቀዳ ያለፈ የክፍል ጓደኛዋ ነው። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል። ዛሬ እሷ ጠያቂ፣ እሱ መላሽ መሆኑ ከልቡ አስደስቶታል፤ ደስታውንም አልደበቀም።

«እስቲ መምህርት፣ ከዚህ በፊት አንድ ነገር ገጥመሽ ታውቂያለሽ?»

«የጠረጴዛ እግር።»

«እንግዲያው ይኼ ለጀማሪ አይሆንም» አለና ከኢንተርኔት አውርዳ ያሳተመችውን ንድፍ ጠቆመ። «ባለ ሁለት መቶ ዋት ነው። አርባ ስድስት ዕቃ ይፈልጋል። አንዱን ገልብጠሽ የበየድሽ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጨሰው ውድ ውዱ ነው። በዚያ ላይ ያለ መብራት አይሠራም። መብራት ከሄደስ?» ከመሳቢያው የጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ነገር አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ይችን ያዥ። አንዲት አይሲ ናት፤ ዋናው የማጉላት ሥራ በውስጧ ነው። ዐሥር የማይሞላ ዕቃ ዙሪያዋን ትደረድሪና በባጃጅ ባትሪ ታስነሻታለሽ። ብትሳሳቺም ሌላ ትገዣለሽ።»

«ስንት ዋት ናት?»

«ዐሥራ አምስት።»

ያምሮት ሳቀች። «ዐሥራ አምስት! ሜዳውን ብታየው እንዲህ አትልም። አምስት መቶ ሰው ነው የሚመጣው።»

«ማን እንዲሰማሽ ነው የምትፈልጊው?»

«ሁሉም!»

«ሁሉም» አለ ዳኘው ራሱን እየነቀነቀ። «አንቺ ድሮም አንዴ ከወሰንሽ ወሰንሽ ነው። በይ ውሰጂው። በመበየጃ ካልነካሽው ግን እቀይርልሻለሁ፤ ሐሳብሽን የቀየርሽ እንደሆነ አትፈሪኝ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ትራንስፎርመሩን የያዘውን ከረጢት ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ረዳቱ «ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም!» እያለ ይጮኻል፤ ገና ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ጥቂት ቆይቶ በነጭ ጋቢ የተጠቀለሉ ሰው በጆንያ የተሸፈነ አዲስ ማረሻ ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ። አቶ እንድሪያስ ናቸው፤ የስምንተኛ ክፍሏ የምሕረት አባት።

«መምህርት! እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደኅና ነዎት? ቤተሰብ ደኅና?»

«ደኅና ነን፣ ተመስገን።» ከረጢቷን አንዴ አዩና «እርስዎም ማረሻ ገዙ እንዴ? ከኔ ይልቅ የርስዎ ይከብዳል» አሉ።

ያምሮት እየሳቀች ነገረቻቸው፤ ስለ አምፕሊፋየሩ፣ ስለ ሁለት መቶው ዋት፣ ስለ ወላጆች ቀን። ወሬዋን ስትጨርስ «ዘንድሮ መቼም ይመጣሉ» አለች።

አቶ እንድሪያስ ማረሻቸውን አስተካከሉ። «እኔ እንኳ አልመጣም። የእርሻ ወቅት ነው፤ በሬ ፈትቶ መዋል አይሆንም።»

«አምና መጥተው የለ?»

«አምና መጥቼ ምን ሰማሁ? ፉጨት ነው የሰማሁ» አሉና ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። «ልጅቱ ማታ ቤት ገብታ አንደኛ ወጣሁ፣ ስሜን ጠሩኝ አለች። እኔም እሰይ አልኋት።»

«ካርዷን አላዩትም?»

«አየሁት እንጂ። ግን እኔ ፊደል አልቆጠርሁ። ወረቀት ለኔ ወረቀት ነው። በአገር ሰው ፊት ‹የእንድሪያስ ልጅ› ተብሎ ሲጠራ በጆሮዬ መስማት ነበር የፈለግሁ። እዚያ ድረስ ሄጄ፣ ቆሜ ውዬ፣ ሳልሰማ ተመለስሁ።»

ያምሮት ፊቷ ጋለ። አምና ማይኩን ይዛ ስም የምትጠራው እሷ ነበረች። «ምሕረት እንድሪያስ» ስትል ያ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት እንደተነሣ ታስታውሳለች። ጭብጨባ ስለተሰማ ሁሉም የሰማ መስሏት ወደ ሁለተኛው አለፈች። ዘንድሮም ስሟ የሚጠራ ነው፤ መስከረም ላይ ግን ልጅቷ ከተማ ልትማር ትሄዳለች፤ ዘንድሮ ካልሰሙ ሌላ ጊዜ የላቸውም።

«የት ነበር የቆሙት?» አለች።

«የት እቆማለሁ፤ እንደ ወንዱ ሁሉ ከኋላ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር።»

እውነት ነው። በዚህ አገር የወላጆች ቀን ሲሆን እናቶችና ልጆች ከፊት ሳሩ ላይ ይቀመጣሉ። አባቶች ግን ዱላቸውን ተደግፈው ከአጥሩ ጥግ ይቆማሉ፤ ወደ ፊት ቅረቡ ቢባሉ መታየት የፈለጉ ይመስልባቸዋል። ድምፅ ማውጫው ሞንታርቦ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከፊት፣ ከመድረኩ ጎን ነው። የሰማ ሁሉ ከፊት የነበረ ነው። ያምሮት አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ መድረክ ላይ ቆማ እነዚያን አባቶች አይታለች፤ ይሰሙ እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችም።

ብድግ አለች። «ጋሽ እንድሪያስ፣ ቦታዬን ይጠብቁልኝ። አሁን መጣሁ!»

እሳቸውም አንድም ነገር ሳይጠይቁ ማረሻውን አንሥተው ወንበሯ ላይ አጋደሙት። «በዚህ ላይ ማን ይቀመጣል!» አሉ።

ያምሮት ከረጢቱን ይዛ ስትገባ ዳኘው ሲያይ የጨበጠውን ቁልፍ መፍቻ አስቀመጠ። «ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላሽም!»

«አትሳቅ። ትንሿን ስጠኝ። ሞንታርቦው ደኅና ነው፤ እሱን ከኋላ፣ ከአባቶቹ ዘንድ ልሰቅለው ነው፤ ከፊት ያሉት በባዶ ድምፄም ይሰሙኛል። እስካሁን ከማይኩ አጠገብ ነበር የምናስቀምጠው።»

«ከማይኩ አጠገብ?» ዳኘው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አንቺ ልጅ፣ የሚያፏጨው እኮ ለዚህ ነው! ማይኩ የሞንታርቦውን ድምፅ መልሶ እየሰማ፣ ያንኑ እየደገመ። ሁለት መቶውን ዋት ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ ፉጨትሽን እኔም እዚሁ ሆኜ እሰማልሽ ነበር። ፊዚክስ ከአንቺ ነበር የምቀዳ?»

«ከኔ ነበር» አለች ያምሮት፤ እሷም በራሷ ሳቀች። ደስ አላት። ከወር በፊት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ፍርሃት ከትራንስፎርመሩ ጋር አብሮ ጠረጴዛው ላይ የወረደ መሰላት። ዐሥር የማይሞላ ዕቃ እሷም መግጠም አያቅታትም፤ ቢጨስም የሚጨሰው ትንሽ ነው።

ዳኘው አይሲዋንና ሌሎቹን ጥቃቅን ዕቃዎች በወረቀት ጠቀለለላት። «እንግዲህ ሽቦ ያስፈልግሻል፤ ወፈር ያለውን ውሰጂ። ስንት ሜትር ልቁረጥ?»

ያምሮት ዓይኗን ጨፍና ሜዳውን በሐሳቧ በእርምጃ ለካች። ከመድረኩ እስከ ባሕር ዛፉ አርባ ሜትር ቢሆን ነው። ውጭ ረዳቱ «የቀረው አንድ ሰው ነው!» እያለ መጮኽ ጀምሯል።

«አርባ ይበቃል?» አለ ዳኘው ሽቦውን ከጥቅልሉ እየተረተረ።

«ሃምሳ አድርገው። አንድ አባት አሉ፤ ዘንድሮ አልመጣም ብለዋል።»

«ካልመጡ ታዲያ ሃምሳው ለምንሽ ነው?»

«አልመጣም ያለ ሰው የመጣ እንደሆነ» አለች ያምሮት «ከሁሉም ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ሃምሳ ቁረጥልኝ።»