ያልተገኘው ሕመም

ሲራድ የሐሞት ጠጠሯን በመስታወት ብልቃጥ ይዛ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ስትዞር፣ የወንድሟ ሚስት ዕብላ ከጓዳው በር ጀርባ ጎንበስ ብላ፣ ሙቅ ውኃ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በሻሽ ጠቅልላ ሆዷ ላይ ትጫን ነበር። ሁለቱ ሴቶች በሐርጌሳ ገበያ አንድ የጨርቅ ሱቅ ይጋራሉ። ሁለቱም በሆድ ሕመም ምክንያት ሕንድ ደርሰው ተመልሰዋል። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ሲራድ ድምፅዋ ከገበያው ማዶ የሚሰማ፣ ገዢውን አስቃ የምታስከፍል ሴት ናት። ዕብላ ደግሞ ጨርቁን ዘርግታ ዝም ትላለች፤ ገዢውም ዝምታው ሲጨንቀው በራሱ ጊዜ ዋጋ ይጨምርላታል። ሲራድ ከሕንድ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ይዛ መጣች። ዕብላ ይዛ የመጣችው ወሬ ምንም አልተገኘም የሚል ነበር።

«እዩትማ! ይኼ ነው እንዲያ የተጫወተብኝ!» የሚለው የሲራድ ድምፅ ከሴቶቹ ክፍል ይሰማል።

«ሱብሐነላህ! ለዚህች ነው ሰፈሩን ያስነሳሽው?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ያንቺ ጥርስ ከዚህች ይበልጣል እንዴ? ሲነቀል ፖሊስ ሊመጣ አልነበር?»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ዕብላም በጓዳ ሆና ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ሳያልቅ ሕመሙ ከእምብርቷ በላይ እንደ ጨርቅ ጠመዘዛት።

ድግሱ የተደገሰው ድና ተመለሰች ተብሎ ለዕብላ ነበር። ሕንድ ከመሄዷ በፊት ሕመሙ ሲጸናባት፣ የባሏ የጉሌድ ወገን ታላቅ የሆኑት አጎት ሮብሌ ስልካቸውን አንሥተው ከጅግጅጋ እስከ ለንደን ያለውን ዘመድ አንድ በአንድ ቀሰቀሱ። ለታመመ ሰው ማዋጣት በዚያ አገር ልግስና አይባልም፤ ዛሬ ለእርሷ፣ ነገ ለሌላው ነውና ማንም ደረቱን አይነፋበትም። ዕብላም ሄደች። ደሟ ተመረመረ፤ ካሜራ በጉሮሮዋ ወረደ፤ ሆዷ በየማሽኑ ተነበበ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ረጅም ንግግር አደረገ። አጠገቡ የቆመው ሶማሌ አስተርጓሚ ግን በአጭሩ፣ «ጤነኛ ነሽ ይልሻል፤ አልሐምዱሊላህ በይ» አላት።

«ያን ሁሉ ሲናገር የቆየው እኮ ይኼን ብቻ አይደለም።»

«ዋናውን ነግሬሻለሁ። ተነሺ፣ ከኋላሽ ሰው አለ።»

ተነሣች፤ ወደ ማረፊያዋ ግን አልሄደችም። ወጣቱ አስተርጓሚ ሻይ ሊጠጣ እስኪወጣ ድረስ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችውና እጅጌውን ያዘች። «ወንድሜ፣ የቀረውን ስጠኝ።»

ወጣቱ ተነፈሰ። «ሕመምሽ እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ያመዋል፣ አይገድልም አለ። ሆድሽ ቁስልም እጢም የለበትም፤ ነርቮቹ ግን ጥቂቱን ነገር አብዝተው ይሰማሉ፤ ይኼን ደግሞ ማሽን አያየውም። ጥቂት ጥቂት እየበላሽ፣ ቅባት እየቀነስሽ፣ በእግርሽ እየሄድሽ፣ በደንብ እየተኛሽ ኑሪ። ከከሳሽ ወይም ደም ካየሽ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ጨርሶ ላይተውሽም ይችላል። አብረሽው መኖር ትለምጃለሽ ነው ያለው። ይኼን ስተረጉም ሰው እኔን ይሰድበኛል፤ ለዚህ ነው የምቆርጠው።»

ዕብላ አልሰደበችውም። ሕመሟን እውነት ነው ብሎ የነገራት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና፣ እርሱ ግራ እስኪገባው ድረስ መረቀችው።

ያን ዕለት ማታ ለጉሌድ ደውላ ሁሉንም ልትነግረው አስባ ነበር። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ «ምንም አላገኙም» የሚል ሆነ፤ ሁለተኛው አልተከተለም። ጉሌድ በደስታ ጮኸ። አጎት ሮብሌ ስልኩን ተቀብለው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ በፊት በዓይኗ አይታቸው የማታውቅ ዘመዶች ሳይቀሩ በድምፅ መልእክት እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። ይህ ሁሉ ሰው የሚወደውን ነገር ሰምቶ ሳለ፣ «አብሬው እኖራለሁ» የሚለውን ቃል ከምን ላይ እንደምትጀምረው አጣች።

ከተመለሰች ወዲህ የከበዳት ግን ሌላ ነገር ነበር። ጉሌድ የውኃ ቦቴ ነጂ ነው፤ ከንጋት በፊት ይነሣል። ቀድሞ ሕመሟ ሲቀሰቅሳት እርሱም አብሯት ይነቃና፣ እያዛጋም ቢሆን ውኃ ያሞቅላት፣ ስለ መንገዱና ስለ ደንበኞቹ ጠብ እያወራ ያስቃት ነበር። አሁን ዳነች ብሎ ስላመነ እንደ ሕፃን ይተኛል። ክፋት የለበትም። እርሷም እንዳይነቃ የማንቆርቆሪያውን ክዳን በጣቷ ይዛ ውኃዋን ለብቻዋ ታሞቃለች፤ በጨለማ ውስጥ ተቀምጣም የባሏን የሰላም እንቅልፍ ታዳምጣለች። እንዲያ ብቸኛ ሆና አታውቅም፤ ሕንድ ሳለች እንኳ።

በድግሱ ዕለት ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንግዳው ሲሞላ፣ አጎት ሮብሌ ከወንዶቹ ሳሎን የበጉን ላት በሰሐን ላኩላት። ለክብር እንግዳ የሚቀርብ ነውና ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ጣሉባት።

«ብዪ እንጂ!» አለች ሲራድ። «ሆድሽ እኮ ባሕር ተሻግሮ ንጹሕ የተባለ ነው፤ ከእኔ ሆድ ይበልጣል!»

ዕብላ በላች። ምን እንደሚከተል እያወቀች እስከ መጨረሻው በላች፤ ከዚያም ሩዝ የምታመጣ መስላ ወደ ጓዳ ገባች።

አሁን ሲራድ ትሪ ፍለጋ በሩን ገፋችው። «ምን ትሠሪያለሽ እዚህ? ሙሽራ ነሽ እንዴ የምትደበቂው?» ጠርሙሱን ስታይ ሳቋ ከፊቷ ወረደ። «አመመሽ?»

«አዎ።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«መች ተወኝና።»

ሲራድ የሩዝ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። «ምንም የለብሽም አልተባለም? ሐኪሙ ዋሸ?»

«አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም።»

«ከሁለት አንዳችሁማ ሳትዋሹ አልቀራችሁም!» ብላ ጮኸችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለእኔ ንገሪኝ። ጉሌድ ሁለተኛ ሊያገባ ነው የሚል ወሬ ሰምተሽ ነው?»

«ለቦቴው ጎማ መግዛት ያቃተው ሰው ነው ሁለተኛ የሚያገባው?»

«ወላሂ እውነትሽን ነው» አለች ሲራድ። ሁለቱም ሳቁ፤ ዕብላ ሆዷን ደግፋ። ከዚያም ሲራድ ዕንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ብድግ አለች። «ግድ የለም። ቱርክ አለ! የኢስታንቡል ማሽን የሕንዱን ያስንቃል ይላሉ። አጎት ሮብሌ እዚሁ ናቸው፤ ሰውም እንደ ተሰበሰበ ነው። አሁኑኑ እነግራቸዋለሁ።»

«ሲራድ፣ ተዪኝ።»

«ምን ብዬ እተውሻለሁ? የእኔስ ወዲያው ነው የተገኘው? እስኪገኝ ድረስ ይፈለጋላ!»

ሲራድ የምትወደው ሰው ሲታመም ከመሮጥ በቀር ሌላ መውደድ አታውቅም። ወጣች። ወዲያውም ሳሎኑ ደጃፍ ላይ፣ «ወንድሞቼ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ» ስትል ተሰማች።

ዕብላ የሚመጣውን ቁልጭ አድርጋ አየችው፤ ሌላ መዋጮ፣ ሌላ ኮሪደር፣ ነገር የሚቆርጥ ሌላ አስተርጓሚ፣ ሌላ ላት። ዝም ካለች ደግሞ ይኸው ጓዳና ይኸው በር። ቀና ለማለት ግድግዳውን ያዘች፤ ጠርሙሱንም ሳትደብቀው ተከትላት ወጣች።

ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። ጉሌድ እጅ ያስታጥባል። ሲራድ በንግግሯ ኢስታንቡል ደርሳለች። ዕብላ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አጎቴ፣ ልናገር ይፍቀዱልኝ።»

አጎት ሮብሌ በሂና የቀላ ጢማቸውን ያዙ። «ተናገሪ፣ ልጄ።»

«ሕመሜ አልሄደም። አሁንም እያመመኝ ነው የቆምኩት።»

የጉሌድ ማስታጠቢያ በአየር ላይ ቀረ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አሉ አጎት ሮብሌ። «እኛ ባዕድ ሆንን?»

«ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር። ደስታችሁን የማቋርጥበት ድፍረት አጣሁ።»

«ስሙስ ምን ይባላል?» ሲሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ጠየቁ። «ማሽን የማያየው በሽታ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

«ሐኪሙ ያውቀዋል፤ ብዙ ሰው ያመዋል ብሏል። አይገድልም። ነገር ግን እንደ ሲራድ በብልቃጥ የማዞረው ነገር የለኝም።»

ወንዶቹ ሳቁ። ሲራድ ብልቃጡን ቀስ ብላ በሻሿ ጫፍ ሸፈነችው።

«ቱርክን አስቢበት እንጂ» አሉ አጎት ሮብሌ፤ ድምፃቸው እንደ መለመን ነበር። «ዘመድ አልደከመም።»

«እኔ ደከምኩ፣ አጎቴ። ያደረጋችሁልኝን አልረሳም፤ ግን ቱርክ አልሄድም። በእኔ ስም ለማንም አይደወል። ነገ ሱቄን እከፍታለሁ። ስበላ ጥቂት እበላለሁ፤ ማንም ጨምሪ አይበለኝ። ሲያመኝ እቀመጣለሁ፤ ሲተወኝ እነሣለሁ።» ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ደግሞ ጉሌድ፣ ሥራ እንዳለብህ አውቃለሁ። ቢሆንም ከዛሬ ጀምሮ፣ ሌሊት ሲያመኝ እቀሰቅስሃለሁ።»