ከፊርማው በኋላ የተጠራ ስብሰባ

ሕዝቅያስ ሚዛን ተፈሪ ላይ በሕግ ባለሙያነት ይሠራል። ለቴፒ ዙሪያ ሰዎች ግን አክስቱ ማሚት ቡና እየለቀመች ያስተማረችው ልጅ ነው። የምንጩ ጉዳይ በመጣ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ፣ "አንተ አስረዳቸው፤ አንተን ያምኑሃል" ብሎ የመረጠውም ለዚሁ ነበር።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ የግል ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተጣምሮ ከጫካው ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ ሊያጎለብት፣ ውሃውን በቧንቧ ወደ ከተማ ወስዶ ለብዙ ዓመታት እያስተዳደረ ሊሸጥ ነው። እንዲህ ላለው አጋርነት አገሪቱ ሕግ አላት፤ ሕዝቅያስም ጠንቅቆ ያውቀዋል። በሕጉ መሠረት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ከምንጩ የሚጠጣው ሰው ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ወደ ስብሰባው የሚወስዳቸው መኪና ቴፒ ሊገባ ሲል ግን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወደ ኋላ ዘወር አሉና፣ "ውሉ እንኳ ተፈርሟል። የቀረን ስብሰባው ነው፤ ፎቶ ማንሳት እንዳትረሱ" አሉ። ሕዝቅያስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የጸሎት ቤቱ አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። ማሚት ተነሣች።

"ልጄ፣ ምንጩ ይታጠራል? ከብቶቻችንስ የት ይጠጣሉ?"

"ገና አልተወሰነም" አለ ሕዝቅያስ። "የሚወስነው የእናንተ ሐሳብ ነው።"

እሷም ወደ ሰዉ ዞረች። "ሰማችሁ? ሕጉን የሚያውቀው የራሳችን ልጅ ነው። እንስማማ።" ሊቃወሙ የመጡት እንኳ እሷን አፍረው ዝም አሉ። ከምንጩ በታች ያለው ወራጅ ለከብቶቻቸው ክፍት እንዲሆንላቸው ብቻ ለመኑ። ተጨበጨበ፤ ፎቶም ተነሣ።

ክረምቱ ሳይወጣ የሽቦ አጥር ተተከለ፤ ላዩንም ታቹንም ዘጋ። ሕዝቅያስ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። በመጨረሻ አክስቱን ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ጎረቤቷ ትዝታ ደጅ ላይ አግኝታው ሰላምታውን ሳትመልስ አለፈች። ማሚት ከሩቅ ወንዝ ውሃ ተሸክማ መጥታ ኖሮ ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች። ገበያ መውጣት ትታለች፤ በወጣች ቁጥር "ያ ልጅሽ" እያሉ ይወጓታል።

እሱ አፉን ሳይከፍት እሷ ቀደመችው። "አትዘን፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጆሮዬ ደክሟል። አንተ ሌላ ስትል እኔ ሌላ ሰምቼ ይሆናል።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ዝም ቢል ይድን ነበር፤ ዝም ማለትም ቃጥቶት ነበር።

"በትክክል ነው የሰማሽው" አላት። "ያን ቀን ውሉ ተፈርሞ አልቆ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።"

ማሚት ትክ ብላ አየችው። "እንግዲያው መንገር ያለብህ ለኔ ብቻ አይደለም።"

እሑድ ከጸሎት በኋላ እዚያው አዳራሽ ቆሞ ተናገረ። ማንም አልሰደበውም። ሽማግሌዎቹ እሱን ላለማየት መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ይህ ከስድብ ባሰበት። ከዚያም ከነዋሪዎቹ ጋር አቤቱታ አቀረበ፤ ሕዝቡ የተጠየቀው ከፊርማው በኋላ መሆኑን ራሱ መሰከረ። ኃላፊው ሰላምታ ነፈጉት፤ እሱም ብዙም ሳይቆይ ወደ ሩቁ ማጂ ተዛወረ።

ኩባንያው የታችኛውን ወራጅ ከፈተ፤ ውሉ ግን እንደነበረ ጸና። ሕዝቅያስ ሊሰናበት ሲመጣ ትዝታ እጁን ይዛ፣ "ተባረክ፤ አንተ ባትኖር ይህንንም አናገኝም ነበር" አለችው። ማሚት አላመሰገነችውም። የመንገድ ስንቅ ቋጥራ ሰጠችውና፣ "መኪናው እንዳያመልጥህ" አለችው። እሱም ዓይኗን ሳያይ ተቀብሎ ሄደ።