በሶ የጠጣ ራዲያተር

እኔ ዋልልኝ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ንዴቴን እንኳን ሰው ሞተር ሳይክሌ ያውቀዋል። ያን ቀን በራሴ ላይ መናደድ ሲገባኝ በመካኒኳ በፈንታነሽ ላይ ጮኽሁ።

ጉና ሥር የበግ ፈንጣጣ ገብቷል። ለሦስት መቶ በግ የሚበቃ ክትባት በረዶ ባለው ሣጥን አድርጌ ሞተሬ ላይ አስሬያለሁ። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ከንቱ ነው። ገበሬው ደግሞ በጎቹን ከጠዋት ጀምሮ ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ዛሬ ካልደረስሁ ሌላ ክትባት የሚመጣው ከወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ በግ የሚባል አይተርፍም።

ታዲያ ገና ከደብረ ታቦር ሳልርቅ፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ፣ ቀዩ የሙቀት መብራት ቦግ! እንፋሎቱ ከጉልበቴ ሥር ተነሣ። እየገፋሁም እየተራገምሁም ወደ ፈንታነሽ ጋራዥ ተመለስሁ።

ፈንታነሽ ከዓረብ አገር ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የአሠሪዎቿ ልጅ ግቢ ውስጥ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም መፍቻ እያቀበለች ሙያውን ይዛ ተመለሰች። እንደኔው ያለ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲበላሽ ሁሉም ወደ እሷ ነው የሚሮጠው።

"ምን አደረግኸው?" አለችኝ ጎንበስ ብላ እያሸተተች።

"ምንም።"

"ዋልልኝ!"

"ትናንት ያንጠባጥብ ነበር። ራዲያተሩ ውስጥ ትንሽ በሶ ጨመርሁበት።"

ምን ላድርግ? ሾፌሩ አጎቴ የጭነት መኪናው ሲያፈስበት እንዲያ ሲያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ደግሞም ማንጠባጠቡን አቁሞ ነበር!

"ጎሽ፣ ቁርሱን አብልተኸው ነዋ የወጣኸው" ብላ ሳቀች። ከዚያ በርጩማ ሳበችና ቁጭ አለች።

"ምን ትጠብቂያለሽ?"

"እስኪበርድ።"

ክዳኑን ልከፍት እጄን ስሰድ ለቀም አድርጋ ያዘችኝ። "የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ተቀመጥ!"

"በረዶው እየቀለጠ ነው እኮ!"

"ዓይንህ ይቀድማል።"

እኔም አፌ ያመጣልኝን ተናገርሁ። "ላንቺ ምንሽ ነው! በግ የሚያልቅብሽ አንቺ አይደለሽም!" ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። እሷ ግን ተነሥታ ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አስገባችና እርጥብ ጆንያ ደረበችበት። ሐኪም ተብዬው እኔ ይህን እንኳ አላሰብሁም።

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ ቀስ ብላ ከፈተችው። የታችኛውን ቱቦ ስትነቅለው የወጣው ገንፎ ነው። የውሃ ጎማ ከታች ሰክታ ውሃውን ወደ ላይ ለቀቀችው፤ በሶው እየተግተለተለ ወጣ።

"በቃ፣ ጠራ!" አልሁ።

"አልጠራም።" ደግማ ለቀቀችው። እውነትም የቀረ ነበር።

ሲያንጠባጥብ የነበረው ራዲያተሩ ሳይሆን ቱቦው ኖሯል፤ ተሰንጥቋል። በአዲስ ቀየረችው። ኩላንት የሚባለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በተጣራ ውሃ በጥብጣ ሞላችና "ውሃ ብቻ ከሆነ ጉና ላይ በብርዱ በረዶ ይሆናል፤ ብረቱንም ያዝገዋል" አለችኝ። ከዚያ የፊት ጎማውን ድንጋይ ላይ አወጣች፤ ሞተሩን አስነሥታ ቱቦውን ጨመቅ ለቀቅ ታደርገው ጀመር። የታፈነው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። አትቸኩልም፣ አትሰለችም! እጇን እያየሁ ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ በሙያ ዘመኔ አላየሁም፤ እኔ ራሴም የለኝም።

ያን ሁሉ ዳገት ስወጣ መብራቱ አልበራም። ስደርስ በረዶው ግማሹ አለ። ሰዉም በጎቹን እንደያዘ ቁጭ ብሏል፤ ይህን ያህል አርፍጄ አለመበተኑ ገረመኝ።

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት እናት አራት በግ ይዘው ቆመዋል።

"ስንት ነበሩዎት፣ እማማ?"

"አሥራ አንድ ነበሩ። የቀሩኝ እነዚህ ናቸው፣ የኔ ልጅ። ዛሬም ሰዉ ሊበተን ሲነሣ ልጄ ደወለችልኝ። 'ሐኪሙ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ሰዉን ያዥልኝ' አለችኝ። እየለመንሁ አቆየሁት።"

"ልጅዎ ማን ናት?"

"ፈንታነሽ። ከተማ ሞተር ትሠራለች።"

መርፌውን እንደያዝሁ ክው አልሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አራቱንም ከትቤ ስልኬን አወጣሁ። ይቅርታ ልላት ነበር የደወልሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን "የእናትሽ አራቱም ተከትበዋል" የሚል ሆነ። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።