የተረፈው ክኒን

አጋሮ ላይ ትኩሳት የያዘው ሰው ሁሉ ወባ ነው የያዘው፤ ሐኪሙም ጎረቤቱ ነው። አብዱልፈታሕ ከስፌት መኪናው ላይ ራሱን ይዞ ሲነሳ ሚስቱ ፈድሊያ ማንንም አላማከረችም። አምና ታዞላት ሳትጨርሰው ያስቀመጠችውን የወባ ክኒን ከሳጥን አውጥታ ዋጠው አለችው። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአራተኛው እየተንዘፈዘፈ ራሱን ሳተ፤ በሰው መኪና ጅማ አደረሰችው።

ሆስፒታል ደሙ ሲመረመር ወባ የለበትም። ከጀርባው ፈሳሽ ወስደው ካዩ በኋላ ዶክተር ጊፍቲ አስቀምጣ ነገረቻት፤ ሌላ ዓይነት ትንኝ የምታመጣው ቫይረስ አንጎሉ ውስጥ ገብቶ አስቆጥቶታል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ትኩሳቱን ማብረድ፣ መንቀጥቀጡን በመርፌ መያዝ፣ በቱቦ መመገብ፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፤ የቀረው የጊዜ ነው። ፈድሊያ ስለ ክኒኑ ስትናዘዝ ዶክተሯ አልዋሸቻትም። ቀድመሽ ብታመጪውም መድኃኒት አልነበረንም፤ መንቀጥቀጡን ግን ቶሎ እንይዝለት ነበር አለቻት።

ጠያቂ አልመጣም። አጋሮ ውስጥ በሽታው ይጋባል ተብሎ ተወርቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ብላ በስልክ ብታስረዳም ሁሉም አላህ ያሽረው እያለ ዘጋው፤ የገዛ እህቱ ዘይቡ እንኳ። በሌላው አልጋ ዙሪያ ዘመድ ተኮልኩሎ እያዩ ብቻን ማስታመም ያንገበግባል። የምታዋራው እሱን ብቻ ሆነ። ባገላበጠችው ቁጥር ጆሮው ሥር ታጎነብሳለች።

«ክኒኑን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ።»

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ዓይኑን ገለጠ። ትኩር ብሎ ሲያያት ወደ ፊቱ ጎንበስ አለች።

«የኔ እህት» አላት እየተኮላተፈ፤ «ባለቤቴ ደጅ ሳትኖር አትቀርም። ፈድሊያ ትባላለች።»

ነርሱ ነጋሳ አስቀድሞ አስጠንቅቋት ነበር፤ አንዳንዱ ቀስ በቀስ ያስታውሳል፣ አንዳንዱ ግን እንደዚያው ይቀራል ብሏታል። ሰምታ የእኔ አይሆንም ብላ ትታው ነበር።

«ክኒኑ እንዳይከነክናት» አለ አብዱልፈታሕ። «አውፍ ብሏታል በይልኝ።»

አሥራ ሁለት ቀን የለመነችው ይኸው መጣ፤ መቀበል ግን አልቻለችም።

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አለችው።

የማገላበጫው ሰዓት ደርሷል። ትከሻውን ደግፋ ወደ ሌላው ጎኑ አዞረችው፤ ብርድ ልብሱንም አስተካከለችለት።

«አላህ ይስጥሽ» አላት፤ ውለታ ለዋለ ባዕድ እንደሚባለው።