ከቤት የማይወጡ በርጩማዎች

እማዬ ከሞተች ወዲህ አባ እቤታችን አድረው አያውቁም። ሐዘኑ ባለቀ ማግስት ሁለት ሸሚዝና አንድ ሽርጥ በፌስታል ቋጥረው አሰንዳቦ፣ ወንድማቸው አብዱልሃዲ ዘንድ ሄዱ። «ጥቂት ቀን አርፌ እመለሳለሁ» ብለው ነበር፤ ጥቂቱ ቀን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በየጁምዓው ግን በሚኒባስ ይመጣሉ። ሄርማታ መስጊድ ይሰግዳሉ፣ ከዚያ ቤት መጥተው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ፣ የዐስር ሰላት ሳይደርስ ይነሳሉ። የመኝታ ቤቱን በር ዞር ብለው እንኳ አያዩትም።

እኔ ልጃቸው ሩፈይዳ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። ጥፋቱ የቤቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ቡፌው እማዬ ያቆመችው ቦታ ነው፣ መጋረጃው እሷ የሰፋችው ነው፤ ሰውየው የት ብለው ይዩ? ቤቱ መልኩን ከቀየረ አባ ይመለሳሉ። በቃ፣ ይህን ያህል ቀላል መስሎኝ ነበር።

ማለም የጀመርኩት ያኔ ነው። ጊንጆ ሰፈር ካለው ፎቶ ቤት፣ ከሥራዬ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የሰው በር ገርበብ ብሎ ካየሁ ሳሎኑን በሐሳቤ አስተካክለው ነበር፤ ሶፋውን ወደ ግድግዳ፣ ቡፌውን ወደ ጓዳ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲያንሾካሹክ ዓይኔን ጨፍኜ ቤታችንን አየዋለሁ፤ ገና ያልገዛሁት መብራት በርቶ፣ ገና ያልሰፋሁት ትራስ ላይ አባ ጋደም ብለው።

ያየሁትን አንድ በአንድ አመጣሁት። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተረፈ የመስኮት መዝጊያ አግኝቼ አጠብኩትና የመስታወት ክፈፍ አደረግኩት። የቡና ጆንያ ሦስቴ ዘፍዝፌ ትራስ ለበጥኩበት፤ ጽሑፉ ደብዝዞ ቀርቶበታል፣ እሱ ነው የሚያምረው። ከሐሙስ ገበያ የገዛኋትን ቅርጫት ገልብጬ ለአምፖሉ ቆብ ሠራሁለት፤ ማታ ሲበራ ኮርኒሱ ላይ የቅጠል ጥላ የመሰለ ነገር ይበተናል። ከሁሉ የምወደው ቢጫው መጋረጃ ነው። ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ሳሎኑ በሙሉ ማር ይመስላል። አንዳንድ ቀን እዚያ ብርሃን ውስጥ ተጋድሜ ራት መሥራት እረሳለሁ።

በርጩማዎቹን መጨረሻ ላይ አስቀረኋቸው። አስራ ሁለት ናቸው። አባ በርጩማ ጠራቢ ነበሩ፤ እነዚህን እማዬን ባገቡበት ዓመት ከዋንዛ ግንድ፣ እያንዳንዱን ከነሦስት እግሩ ከአንድ እንጨት ጠርበው ነው ያወጧቸው። በዕድሜ ብዛት ጠቁረው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈተግኳቸው፤ እንጨቱ ከጥቁረቱ ሥር ቀላ ብሎ ሲወጣ እንቅልፍ የለቀቀው ሰው ፊት ይመስል ነበር። ከዚያ ቫርኒሽ ቀባሁ።

ከሥራቸው፣ ሆዳቸው ላይ፣ የእማዬ ቀይ ነጥብ ነበረች። ሰፈራችን ሠርግ ሲኖር የየቤቱ በርጩማ ሁሉ ወጥቶ ድንኳን ይገባል፤ ሲመለስ እንዳይቀያየር ሴቶቹ ከሥሩ በጥፍር ቀለም ምልክት ያደርጉበታል። የጎረቤታችን የአዴ ሱዓድ አረንጓዴ ነው፣ የእኛ ቀይ። ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። እያወቅሁ ነው የፈተግሁት። «እናንተ ከእንግዲህ ከቤት አትወጡም» አልኳቸው፣ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ይህን ሁሉ ደክሜ የሠርገኛ ወጥ ይፈስባችኋል እንዴ?

ጁምዓ አባ መጡ። ደፍ ላይ ቆመው «አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ፤ ድሮ እንዲህ ብለው ሲገቡ ድምፃቸው ቤቱን ይሞላው ነበር፣ አሁን ሰው ቤት እንደመጣ ሰው ዝግ አድርገው ነው ያሉት። መስታወቱን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ።

«ማሻአላህ። ጋሪዳ። በጣም ያምራል» አሉ።

ከዚያ የትራሱ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሻዩ እንዳይፈስባቸው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው። ባለቤቱን እንግዳ አድርጌው ቁጭ አልኩ። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ሻይ ጨመርኩላቸው።

በዚህ መሐል አዴ ሱዓድ ገቡ፤ እሳቸው በር አያንኳኩም። «ሩፈይዳ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሑድ የልጄ የዩምናዬ ኒካሕ ነው። በርጩማዎቹን እንደተለመደው ታወጪልኛለሽ» አሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ሳሎኑን አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«አዴ፣ ቫርኒሹ አልደረቀም፣ ሌላ ጊዜ...» ማለት ስጀምር አባ አቋረጡኝ።

«ለእናንተ ያልወጣ ለማን ይወጣል?» አሉና አንዱን በርጩማ አንስተው ገለበጡት። አውራ ጣታቸው ሆዱን ዳበሰ፣ ያችን ነጥብ ፍለጋ። አስቀመጡት። ሌላ ገለበጡ። ሦስተኛውን ገልብጠው ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይሄ የማነው?»

«የእኛ ነው፣ አባ።»

«እናትሽ ፈድሊያ ያደረገችበት ነጥብስ?»

«ፈተግኩት።»

«ለምን?»

መዋሸት አልቻልኩም። «ከቤት እንዳይወጡ ብዬ» አልኩ።

«ከቤት እንዳይወጡ» አሉ፤ ቃሉን እንደማያውቁት ነገር ደገሙት። አዴ ሱዓድ ሊያበርዱ ፈልገው «አቦ ምን ችግር አለው፣ የዩምና ጥፍር ቀለም አለ፣ አሁን ይቀባል» አሉ።

«አይሆንም። የእሷ እጅ ነበር» አሉ አባ፣ ሻዩን ሳይጨርሱ ወጡ።

ያን ቀን ቢጫው ብርሃን ሲገባ መጋረጃውን ጠቅልዬ አሰርኩት። ራሴን ጠላሁት። ከእማዬ እጅ በቤቱ የቀረውን አስራ ሁለት ነጥብ ያጠፋሁት እኔው ነኝ፣ ለዚያውም አባን ልመልስ ብዬ።

እሑድ አባ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ እኔን ግን ብዙም አላናገሩኝም። በርጩማዎቹ ያለ ምልክት ድንኳን ገቡ፤ ኒካሑ ታሰረ፣ ተበላ፣ ተመረቀ። ቀትር ካለፈ በኋላ ሴቶቹ በርጩማውን እየገለበጡ በየቀለሙ ሲለዩ ጉዴ ፈላ። የሰፈሩ ሰው አዳዲስ በርጩማ ከገበያ ገዝቷል፤ ሁሉም ቫርኒሽ የተቀባ፣ ብዙውም ገና ምልክት ያልተደረገበት። ጥቁረታቸው ቢኖር የእኛዎቹን ከሩቅ እለያቸው ነበር። ለየት ያሉ እንዲሆኑ ብዬ ከሁሉም ጋር አመሳሰልኳቸው።

አባ ክምሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ድንኳኑ ሰማያዊ ላስቲክ ነው፣ ብርሃኑ ውኃ ውስጥ ያለን አስመስሎናል። ዓይናቸውን ጨፈኑና መዳፋቸውን በአንዱ በርጩማ ሆድ ሰደዱ። «አይደለም» አሉ። ሌላ አነሱ። «ይሄም አይደለም።» አራተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

«ይሄን ስጠርብ እንጨቱ እርጥብ ነበር። መሮዬ እዚህ ጋ አምልጦኛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እናትሽ ስቃብኛለች።»

እንደዚያ እያሉ አስራ አንዱን አወጡ። አስራ ሁለተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ፤ አባ ከሥራቸው እጃቸውን ሰደው አረጋገጡና ሰውየው እስኪነቁ አጠገባቸው ጠበቁ። ሲጠብቁ እንባቸው ይወርድ ነበር፣ አልጠረጉትም።

«ሠላሳ ዓመት ቀይ ነጥቡን ብቻ እያየሁ ኖርኩ፣ ሩፈይዳ። ከጠረብኩት ወዲህ እንጨቱን ነክቼው አላውቅም ነበር» አሉኝ።

በሁለት ምልልስ ቤት አስገባናቸው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። «አባ፣ የአሰንዳቦ መኪና እንዳያመልጥዎ፣ ባጃጅ ልጥራ?» አልኩ።

«በሚቀጥለው ሳምንት እዚህ ሰፈር እነ ሙርሺድ ሠርግ አለባቸው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«በርጩማ ይጠይቃሉ።»

«ይጠይቃሉ። አውፍ ይበሉኝ፣ አባ።»

«ምልክት የላቸውም» አሉ፣ እኔን ሳይሆን በርጩማዎቹን እያዩ። «የሚያውቃቸው እኔ ብቻ ነኝ እንግዲህ።»

ጫማቸውን አወለቁ። ሳሎኑን አቋርጠው የመኝታ ቤቱን በር ገፉት። 

«አልጋውን ወደ መስኮቱ ነው ያዞርሽው?» አሉ ከውስጥ።

«አዎ፣ አባ። ካልወደዱት እመልሰዋለሁ።»

 አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ የሚንቋቋው የእማዬ በኩል ብቻ ነው፣ እዚያ ነው የተቀመጡት።