ራኬብ ሰው ሁሉ እየሰማ የተናገረችው

ጡረታ የወጡት የቋንቋ ምሁር አቶ ብርሃነ ሥላሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ስዊድን አገር ሶደርማልም በሚባል ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት ለአበሾች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም የሚማሩት ለንደን ያለችውን ምራታቸውን ለማናገር ነው። ልጃቸው ራኬብም እሳቸውን ለማድረስ ትመጣና አብራ ትቀመጣለች።

የዚያን ቀን አቶ ብርሃነ ሥላሴ ሰሌዳው ላይ «አቫው» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጻፉ።

«በግልጽ መናገር ማለት ነው» አሉ። «ግን ሌባ ተይዞ ሲያምን አቫው አደረገ አይባልም፤ ለእሱ ሌላ ቃል አለ። ይሄ ማንም ሳያስገድዳችሁ፣ ሳታፍሩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹አዎ፣ እኔ እንዲህ ነኝ› ስትሉ ነው። እስቲ ዐረፍተ ነገር ሥሩበት።»

ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ነርሷ ትጊ፣ እጇን አወጣች። «እርቦኛል ብዬ አቫው አደርጋለሁ።»

ሁሉም ሳቀ። «ታዲያ መራብሽን ማን ይቃወምሻል?» አሉ አቶ ብርሃነ ሥላሴ። «ለመናገር ትንሽ የሚያስፈራ ነገር መሆን አለበት።»

ራኬብ ወደ እናቷ ተመለከተች። እናቷ ላገኙት ሰው ሁሉ «ልጄ ኢንጂነር ልትሆን ነው» ሲሉ አንገቷን ደፍታ ከሰማች ዓመት ሊሞላት ነው። ሳታስበው ብድግ አለች። በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ አፏ ሲተሳሰርባት ወደ አማርኛ ዞረች።

«አቫው አደርጋለሁ! ዩኒቨርሲቲውን ትቼ የቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡር ነጂ ሆኛለሁ። ፈተናውን አልፌያለሁ። ነገ ጠዋት ከሄሰልቢ ጣቢያ ተነሥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን እነዳለሁ!»

ሁሉም ወደ እናቷ ዞረ።

«ባቡር? አንቺ?» አሉ እናቷ። «ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳላሳዝንሽ ፈርቼ ነው፣ እማዬ።»

«ስንት ሰው ይጭናል?»

«ሲሞላ ከሺህ በላይ።»

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ደብተራቸውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ራኬብ ግን ይቆጡ አይቆጡ ባታውቅም ያን ሌሊት ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብላ ተኛች።

እሑድ ማለዳ ሄሰልቢ ጣቢያ ባቡሩን ልታስነሣ ስትል የነጂዋ መስኮት ተንኳኳ። እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«እማዬ! ቅዳሴውስ?»

«በአንቺው ባቡር ነው የምሄደው። ቀስ ብለሽ ንጂ፣ እሺ?»

ፊተኛው ፉርጎ ገብተው ከነጂዋ በር አጠገብ ተቀመጡ። ወዲያው ድምፃቸው በበሩ በኩል ተሰማ። አጠገባቸው ላሉት ስዊድናዊ አዛውንት ያቺኑ ጥቂት እንግሊዝኛቸውን አውጥተው «ማይ ዶተር! ድራይቨር!» ይላሉ።

አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው በስዊድንኛ «ግራቲስ!»፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ አሏቸው። እናቷ ወደ ሌላው ተሳፋሪ ዞረው እንደገና ጀመሩ።

ራኬብ እየሳቀች በሮቹን ዘጋችና ባቡሩን አንቀሳቀሰች።