ሴት ያረደችው ዶሮ

ባሌ ትዕዛዙ ቤቱ የሚበላው ሲታመም ብቻ ነበር። ጤነኛ ሲሆን ቁርሱንም ምሳውንም እራቱንም መሐል ሜዳ መናኸሪያ ጀርባ፣ አማከለች ምግብ ቤት ነው የሚበላው። በግ ነጋዴ ስለሆነ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ምድጃዬ ቀዝቃዛ መሆኑንም ከተማው ሁሉ ያውቃል። «ሚስቱ እኮ ሙያ የላትም» ሲሉ ወፍጮ ቤት ተሰልፌ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዞር ብዬ «የእናንተ ሙያ ሐሜት ነው፣ እሱን ማን ይችላችኋል» አልኳቸው። ምላሴ አያርፍም፤ ይህን ማንም አይክድልኝም።

የተወለድኩት ዓለም ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳለሁ ቤሩት ሄድኩና እናቴ ወጥ ልታስተምረኝ በሚገባት ዕድሜ እኔ በሰው አገር ማድቤት ሩዝ በወይን ቅጠል ስጠቀልል ኖርኩ። ስመለስ ትዕዛዙ አገባኝ። መጀመሪያ የሠራሁትን ወጥ ቀምሶ ሳቀ። ሰንበትበት ሲል ተቆጣ። ከዚያ አንድ ቀን የፈላውን ሽሮ ከነሳህኑ ፊቴ ላይ ደፋው፤ ጠባሳው አሁንም ግንባሬ ላይ አለ። ጨው በዛ ብሎ በጥፊ፣ ጨው አነሰ ብሎ በእርግጫ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ በር መታኝ እላለሁ። ያ በር ብዙ ጊዜ መታኝ።

ገና ካለፈ በኋላ አማቴ አቶ ኃይለመስቀል ከገጠር፣ ከቀየት መልእክት ላኩ፤ ለአስተርእዮ ማርያም ከታናሹ ልጃቸው ከምስክር ጋር ሊመጡ ነው። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ምግብ ቤት ገብተው የማያውቁ፣ የሚበሉትን እህል ከየትኛው ማሳ እንደታጨደ ሳይቀር የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ትዕዛዙ ያን ዕለት ማታ አጠገቤ ተቀመጠና ቀኝ እጄን ያዘ። ገበያ ላይ የበግ ወገብ እንደሚዳብስ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሳቸው።

«አባቴ ፊት ዶሮ ወጥ ታቀርቢያለሽ» አለኝ። «ካዋረድሽኝ ይህን እጅ እሰብረዋለሁ። ሙያ የሌለው እጅ ምን ይሠራል?»

ሲዝት ቀልድ አያውቅም። ስለዚህ በነጋታው በጓሮ በር አማከለች ዘንድ ሄድኩ። አማከለች ክንዷን ዘይት ያቃጠላት፣ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ነገሩን ስነግራት ሳቀች።

«ባልሽን የምቀልበው እኔ፣ የሚመታው አንቺን! በይ ግቢ» አለችኝ። «ደንበኛዬን ልትወስጂብኝ ነው እንግዲህ።»

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እንዴት እንደሚያቁላሉ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ፣ ቅቤው እስከ መቼ እንደሚቆይ አሳየችኝ። ብልት ስታወጣ ቢላዋ አጥንት አይነካም። ግን ያስደነገጠኝ ይህ አልነበረም። አውራ ዶሮውን ራሷ ይዛ ጓሮ ወጣች፣ ክንፉን በእግሯ ረገጠች፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረች፣ በስመ አብ ብላ አረደችው።

«እንዴ! ሴት ታርዳለች?» ብዬ ጮህኩ።

አፌን ደም በነካው እጇ ልትይዘኝ ምንም አልቀራት። «ወንድ እስኪመጣ ደንበኛ ይራብ? ከባሌ ሞት ወዲህ የሚያርድልኝ የለም። ማን አረደው ብሎ የጠየቀኝ ሰውም የለም። ብቻ ይህ ነገር ከዚህ ግቢ ከወጣ እንጀራዬ ተዘጋ ማለት ነው፤ ማዪልኝ።»

ማልኩላት። በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ፊተኛው ክፍል አየሁ፤ ትዕዛዙ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ጣቱን እየላሰ ነበር።

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ዶሮውን ማረድ የባል ሥራ ነው፤ «እመጣለሁ» ብሎ ጠዋት ወጣ። ጠበቅሁት። ስልክ ስደውል «ሥጋ ቤት ነኝ፣ መጣሁ» ይለኛል። እንደማንኛዋም ባሏ እንደራቀባት ሴት ዶሮና ቢላዋ ይዤ የግቢው በር ላይ ቆምኩ፤ የሚያልፍ ወንድ ሁሉ በበዓል ጊዜ እንቢ አይልም። የመጣው ግን ዲያቆን ነበር። «ነገ ቀዳሽ ነኝ፣ ደም አልነካም» ብሎ አለፈ። የጎረቤቴ ባል ደብረ ብርሃን ሄዷል። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ ይጠብቃል። እጄን አየሁት። የምሰማው የትዕዛዙን ዛቻ ብቻ ነበር።

ጓሮ ገባሁ። ክንፉን ረገጥኩ፣ ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ በስመ አብ አልኩ። አረድኩት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱም ቁጭ አሉ። አማቴ መጀመሪያ በጥርጣሬ ቆረሱ። ሁለተኛው ላይ ጥርጣሬው ጠፋ። ምስክር አንገቱን ቀና ሳያደርግ ይበላል። ትዕዛዙ ቀምሶ አየኝና ፈገግ አለልኝ፤ በእኔ ወጥ ፈገግ ሲል ያን ቀን ገና ማየቴ ነው። ደስ አለኝ። ሞኝ ነኝና እንባዬ ሁሉ መጣ።

«እጅሽ ይባረክ ልጄ» አሉ አማቴ። «አስተራረዱም ደግ ነው፣ ደሙ ጥርግ ብሏል። ማን አረደው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ትዕዛዙ ጉርሻውን ሳይውጥ። «ሌላ ማን አለ?»

ዝም ብል ኖሮ እጄ ጤነኛ ነበር። ግን ንዴት ሲመጣብኝ ከእኔ ቀድሞ ምላሴ ነው የሚነሣው።

«አንተማ ሥጋ ቤት ጥሬህን ትቆርጥ ነበር!» አልኩት። «በር ላይ ቆሜ መንገደኛ ስማጸን የት ነበርክ? እኔ ነኝ ያረድኩት!»

ምስክር አፉን ይዞ ወጣ፤ ሲያስመልሰው ከውጭ ተሰማ። አማቴ የያዙትን ጉርሻ መሬት ላይ ጣሉና በማርያም ቀን ርኩስ አበላችኝ ብለው ውኃ ጠየቁ። የሰጣቸው የለም፤ ትዕዛዙ ፀጉሬን ይዞ ወደ ማድቤት እየጎተተኝ ነበር። ጉልበቴ የበሩ ደፍ ላይ ተላጠ። ጭልፋ አግኝቼ ፊቱን መታሁት፤ አፍንጫው ደማ፣ ይህም የባሰ አሳበደው። ሆዴን ረገጠኝ። ቀኝ እጄን ሽንኩርት የከተፍኩበት መክተፊያ ላይ ዘረጋና የሙቀጫውን ዘነዘና አነሣ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ያለውን። ሕመሙ ቆይቶ መጣ። ደገመው። «አባባ! አባባ ይድረሱልኝ!» እያልኩ ጮህኩ። አማቴ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። ወጡን ትፍ ብለው «ጥፋት አጥፍተሻል» አሉኝ። ልጃቸውን «ተው በቃ» ያሉት ከሦስተኛው በኋላ ነው።

የአማከለች ስም ጥርሴ ውስጥ ነበር። «ለዓመታት ጣትህን እየላስክ የበላኸውን ማን ያረደው ይመስልሃል?» ብዬ ብነግረው ያን ዘነዘና ይዞ ወደ እሷ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ነከስኩት። የነከስኩት ከንፈሬ ተቀደደ እንጂ ስሟ አልወጣም።

በጓሮ በር ወጥቼ እስከ እሷ ቤት የሄድኩበትን መንገድ አላስታውሰውም። ጤና ጣቢያ ወስዳ እጄን አሳሰረችልኝ፤ ጣቶቼ ግን ተጣመው ቀሩ። ለትዕዛዙ «ዓለም ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄደች» ተባለ። ሽማግሌዎች አክስቴ ዘንድ ድረስ ሄደው «ትመለስ፣ ጥፋቱ የሁለቱም ነው» ማለታቸውን ሰማሁ። እኔ ግን እዚያው አማከለች ማድቤት፣ ከእሱ ገበታ በአንድ መጋረጃ ርቀት ነበርኩ። በግራ እጄ መክተፍ፣ በግራ እጄ ማቁላላት፣ በግራ እጄ ማረድ ተማርኩ።

ፋሲካ አለፈ። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ አማከለች ፊቷ ጠቁሮ ማድቤት ገባች።

«መጥቷል። አባቱንም ይዟል። ዶሮ ወጥ ነው ያሉት። ልመልሳቸው?»

ሽማግሌው ምግብ ቤት! የልጃቸው ምድጃ ጠፍቶ ምን ያድርጉ። ድስቱ ውስጥ ያለውን ዶሮ ጠዋት ያረድኩት እኔ ነኝ።

«ስጫቸው» አልኳት።

በመጋረጃው በኩል ሲበሉ ሰማኋቸው። ክፍሉ ገበያተኛ ሞልቶታል። ትዕዛዙ «አልነገርኩህም? ባለሙያ ማለት እንዲህ ናት» ይላል። አማቴ ጎርሰው ደገሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ወደ ማድቤቱ ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፤ «እጅሽ ይባረክ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። ከጓሮ የዶሮውን ራስ አነሣሁ፣ ቢላዋውን ያዝኩ። አማከለች አየችኝ። የማልኩላትን ምሥጢር፣ እንጀራዋን ይዤ እንደምወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ጎንበስ ብላ የሚፈላውን የዘይት መጥበሻ አነሣችና በሌላ እጇ መጋረጃውን ገለጠችልኝ።

የዶሮውን ራስ ትሪያቸው መሐል ጣልኩት። የተጣመመውን ቀኝ እጄን አጠገቡ አኖርኩት።

«አባባ፣ ያኔ የባረኩት እጅ ይኸው። አሁን የሚበሉትን ያረደው ግን እሱ አይደለም፤» ቢላዋውን በግራ እጄ አነሣሁ፤ «ይኼኛው ነው። ልጅዎም እዚህ ቤት ሴት ያላረደችውን በልቶ አያውቅም።»

ትዕዛዙ ጠረጴዛውን ገልብጦ ተነሣና ጉሮሮዬን አነቀኝ። ጀርባዬ ከግድግዳው ተላተመ፣ ዓይኔ ጨለመ። ገበያተኞቹ ወንዶች ሁሉ ቆመው ያያሉ። ቢላዋውን አንገቱ ላይ አሳረፍኩት። ጫን ስለው ደም በስለቱ ወረደ፣ ጣቶቹ ለቀቁ። ወደ ኋላ ሲል የገለበጠው ጠረጴዛ አደናቅፎት ወደቀ። ደረቱን በጉልበቴ ያዝኩ፣ በተጣመመው እጄ ግንባሩን ገፋሁ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርኩት።

«በስመ አብ» አልኩ።

«ስለ ማርያም!» አሉ አማቴ ተንበርክከው። «ልጄን! ስለ ማርያም ብለሽ!»

«ያኔም የማርያም ቀን ነበር አባባ። አፍዎን ሲጉመጠመጡ ነበር።»

ትዕዛዙ ከሥሬ ያለቅሳል። ሱሪው ረጥቧል። ልገድለው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ነው የምናገረው፣ ከልቤ ፈልጌ ነበር። ግን እንዲህ ሆኖ ሳየው ጸያፍ ሆነብኝ።

«ሴት ያረደችው አይበላም ብለውኛል አይደል?» አልኳቸው። «ታዲያ ይህን ባርደው ምን ያደርግልኛል? ይውሰዱት።»

ተነሣሁ። አባቱ ክንዱን ይዘው አወጡት፤ አንገቱን በነጠላቸው እያበሱለት በገበያው መሐል ሲሄዱ ታዩ። አማከለች መጥበሻውን እንደያዘች ቆማለች፣ ዓይኗ ከአንዱ ገበታ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። ሌላው ተከተለው። ቤቷ ተዘጋ ስል በሩ አጠገብ የተቀመጠ የደብረ ብርሃን መስመር ሽማግሌ ሹፌር ጉሮሮውን ጠራረገ።

«መንገድ አለብኝ» አለ። «ትንሽ ወጥ ጨምሪልኝ እስቲ።»

ቀኝ እጄ ሳህን አይዝም። እያፈርኩ በግራዬ ዘረጋሁለት። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።